ክቡር እስቲ አጥፉት

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የማያምን ሰው አለ። ባይቀጥሩት እንኳ ራሱ ፈልጎ ይመጣል። ሊፍት ውስጥ ሲገባ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ጣሪያውን የሚያየው እሱ ነው። ሐኪሙ «ደህና ነህ» ሲለው «በምን አወቅክ?» የሚለው እሱ ነው። ቤቱን ቆልፎ ይሄዳል፤ ከመንገድ ተመልሶ እጀታውን ይነቀንቃል፤ እንደገና ይሄድና መነቅነቁን ራሱን ይጠራጠራል። እናንተም ታውቁታላችሁ። ምናልባት አጎታችሁ ነው። ምናልባት «ጋዙን ዘግታችኋል?» እያለ በመስኮት የሚጣራው ጎረቤታችሁ ነው።

የኛው ግን የሁሉም አለቃ ነበር። የዓለም ጠርጣሪዎች ተሰብስበው ሊቀ መንበር ቢመርጡ በሙሉ ድምፅ እሱን ይመርጡት ነበር፤ እሱ ደግሞ ቆጠራው ይደገም ይል ነበር።

ከጀርባው «ክቡር እስቲ አጥፉት» እንለዋለን። ፊት ለፊት ጋሼ ነው። ሥራው የመሥሪያ ቤታችንን ኮምፒውተሮች በሕይወት ማቆየት ሲሆን ማዕረጉን ያገኘው ከአንድ ሻጭ ነው። ሰውየው አዲስ ፕሪንተር አምጥቶ እያበራ ያሳየናል። ወረቀቱ እንደ ጅረት ይወርዳል፤ እኛ አፋችንን ከፍተን እናያለን። ጋሼ ከጥጉ ተነሣና «ሲሠራማ ሁሉም ይሠራል» አለ። «እስቲ አጥፉት።» ጠፋ። «አሁን አብሩት።» አልበራም። ሻጩ ላቡን እየጠረገ ማሽኑን ተሸክሞ ወጣ። ጋሼም ወደ ጥጉ ተመለሰ።

ፍልስፍናው ይኸው ነው፤ «የበራ ነገር ሁሉ ደግ ይመስላል። ጠባዩ የሚታወቀው ሲጠፋ ነው።» ይህን ለማሽን ብቻ ቢል ኖሮ እሰየው ነበር። የሂሳብ ክፍሏ ልጅ ልታገባ ነው ብላ ከረሜላ ስታዞር፣ ከረሜላውን ገልብጦ ካየ በኋላ «ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?» አላት።

«ኧረ ጋሼ! ተጣልተን አናውቅም።»

«እንግዲያው ገና አልተሞከራችሁም። እስቲ ተጣሉ።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። በማግስቱ ግን በዚሁ በጋሼ ምክር የተነሣ ከእጮኛዋ ጋር ተጣልታ፣ ዓይኗ አብጦ መጣች። ደግነቱ ታረቁ፤ ተጋቡ፤ ዛሬም አብረው ናቸው። ይህን ለምክሩ ማስረጃ አድርጎ ሲጠቅስ ግን ሰምቼው አላውቅም። እንደ እሱ አቆጣጠር ጊዜው ገና ነው።

እሱ ራሱ አላገባም። በወጣትነቱ አንዲት ሴት ነበረች ይባላል። «እስቲ ለትንሽ ጊዜ እንለያይና ልይ» አላት፤ ተለያዩ። እሱ አየ፣ አየ፤ እሷ ግን በዚያው ቀረች። ይህን የነገረችኝ እትዬ ናት። እሷ እንዴት እንዳወቀች አልጠየቅኋትም።

እትዬ ማን እንደሆነች ለመናገር ስለ ሥራችን መናገር አለብኝ።

ሥራችን ተናጋሪ መዝገበ ቃላት ነው። ፊደላችን ብዙ ነገር ይጽፋል፤ ማጥበቅና ማላላትን ግን አይጽፍም። «አለ» ብላችሁ ጻፉ። ላልቶ ሲነበብ አንድ ሰው አንድ ነገር ተናገረ ማለት ነው። ጠብቆ ሲነበብ ሰውየው ራሱ አለ፣ ይገኛል፣ ይኖራል ማለት ነው። በመናገርና በመኖር መካከል ያለችው ልዩነት አንዲት የ«ለ» ጥብቀት ናት፤ እሷም ወረቀት ላይ አትታይም። ስለዚህ መዝገበ ቃላቱ አፍ ያስፈልገው ነበር። አፉ እትዬ ነበረች።

ጡረታ የወጣች የቋንቋ አስተማሪ ናት። መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ከፊቷ አስቀምጣ፣ በፊት ዕቃ ቤት በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ታነባለች። የውጭ ጫጫታ እንዳይገባ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን ነበር። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቴ ነው፤ ቃላቱ የተጻፉባቸውን ካርዶች አንድ በአንድ አሳያታለሁ። ጋሼ ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጦ ይቀዳል። ቃሉ የሚላላ ከሆነ ጠረጴዛውን በጣቷ ጫፍ ነካ ታደርገዋለች፤ የሚጠብቅ ከሆነ ጫን። ከዚያ ትንፋሿን ትሰበስባለች፤ እኛም ትንፋሻችንን እንይዛለን፤ ከዚያ ቃሉ ይመጣል።

ሰው የሞተ ወዳጁን ድምፅ ይናፍቃል። እኔ የምናፍቀው ከድምፁ በፊት የነበረችውን ያችን ጸጥታ ነው። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን፣ ቃሉ ሊመጣ ሲል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጸጥታ አጋጥሞኛል፤ በውስጡ ሰው ያለበት ግን አላገኘሁም።

ከሀ እስከ ፐ ጨረስን። አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ድንገት ጠፋ። ማሽኑ ተመልሶ ሲነሣ እሰየው አልን። ከሳምንታት በኋላ አንዲት ዓይነ ስውር ተማሪ ደወለችና «የናንተ መዝገበ ቃላት ጠ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል፤ ተቀየመን እንዴ?» አለች። ከፈትነው። እውነቷን ነው። ከጠ ጀምሮ ጨ እስኪደርስ ድረስ የተቀዳው በሙሉ ባዶ ሆኗል። «ጠፋ» የሚለው ቃል ራሱ ጠፍቷል። ቅጂ አለን ብለን ተጽናናን። ቅጂው እንደ እናቱ ሆኖ ተገኘ፤ እሱም ጠ ላይ ዝም። ሲቀዳ ተሳስቶ የቆየ ነው፤ ነገር ግን ማንም ከፍቶ ሰምቶት አያውቅም።

ጋሼ ያን ቀን ተለወጠ። በፊት የሚጠረጥረው ለጨዋታ ያህል ነበር።

እትዬ ቤት ሄድን። የጉሮሮ ሕመም ድምፅዋን ወስዶት በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

«እትዬ» አላት ጋሼ፣ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ፣ «ጠ ጠፋብን።»

ያለ ድምፅ ሳቀች። ከዚያ ጣቷን ወደ እሱ ዘረጋች። «አንተ አንብበው።»

«እኔ? የኔ ድምፅ እኮ የበር ማጠፊያ ነው!»

«በርም እኮ ይናገራል» አለች።

መጣች። በዚያችው ጠባብ ክፍል እኔ እቀመጥበት ከነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እሱ በእሷ ቦታ፣ እኔም ለመቅዳት ከማሽኑ አጠገብ ተቀመጥን። እሷ በጣቷ ጠረጴዛውን ትነካለች፤ እሱ ያነባል። ሲሳሳት እጁን ትመታዋለች። «አጥብቀው! አንተ ሰው፣ ሁሉን ነገር ስታጠብቅ ኖረህ ፊደል ላይ ትላላለህ?»

ስለዚህ መዝገበ ቃላታችንን የከፈተ ሰው እስከ ገ ድረስ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ የሴት ድምፅ ይሰማል። ጠ ላይ ሲደርስ ከእንቅልፉ የቀሰቀሱት የሚመስል ሰው እያጉረመረመ ይቀበለዋል። ጨ ላይ እሷ ትመለሳለች፤ ዕቃ ረስታ ወጣ ብላ የገባች ትመስላለች። «ጠ ላይ አንድ ሰውዬ አስደነገጡኝ» የሚል ቅሬታ ስንቴ ተቀብያለሁ! ለእሱ የደረሱትን ቃላት ግን ተመልከቱ፤ ጠረጠረ፣ ጠየቀ፣ ጠበቀ፣ ጠራ፣ ጠፋ። ሕይወቱን በሙሉ በአንድ ፊደል ሥር አገኘው።

እትዬ ብዙም ሳትቆይ አረፈች።

ከዚያ ወዲህ ያ ማሽን ጠፍቶ አያውቅም። ጋሼ ባትሪ ላይ ባትሪ ደርድሮ፣ ማራገቢያውን በብሩሽ እየጠረገ፣ እንደ ሕመምተኛ አስታመመው። ደግሞም አርጅቷል። «አንዴ ከጠፋ ላይመለስ ይችላል» ይላል፤ ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ማሽኑ እንዳይሰማ ይመስላል። አዲስ ቅጂም አዘጋጅቷል፤ ግን አያምነውም። የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ቃል በቃል ይሰማዋል። ከዓመት ዓመት «የት ደረስክ ጋሼ?» ስንለው ገና መ ላይ ነው፤ ምክንያቱም አንዱን ቃል ከሰማ በኋላ መስማቱን ይጠራጠራል።

እንዲህ ስንኖር ሕንፃው ተሸጠ። ሊፈርስ ነው ተባለ። የተከራየነው አዲስ ቢሮ መብራቱ ጠዋት መጥቶ ከሰዓት የሚሄድ ሆነ፤ እንደ ትርፍ ሰዓት የማይከፈለው ሠራተኛ። ሥራ አስኪያጃችን ሰብስቦን «ሰርቨሩን ዳታ ሴንተር እናስገባዋለን» አለ። ማሽኑ የራስህ ነው፤ ቤቱ፣ መብራቱ፣ ማቀዝቀዣውና ጥበቃው ግን የሌላ ሰው ነው። ባለሙያዎቹ ኮሎኬሽን ይሉታል። እኛ ቃል ለቃሚዎች የራሳችን አለን፤ ደባል መግባት።

«ጥሩውን ቤት የሚመርጠው ጋሼ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ደግሞ አብረኸው ሂድ፤ ይቅርታ የምትጠይቅልን አንተ ነህ» አለኝ።

የመጀመሪያው ቦታ መስታወት በመስታወት ነበር። ክራቫት ያሰረ የሽያጭ ሰው በትልቅ ስክሪን ሥዕል እያሳየ «ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ በመቶ አስተማማኝ ነን» አለን።

«የቀረችዋስ?» አለ ጋሼ።

«የቷ?»

«ከመቶ የጎደለችው። እሷ የት ናት?»

«እ... እሷ እንግዲህ፣ ምናልባት ድንገት ቢያጋጥም ለማለት ነው።»

«መቼ ነው የምታጋጥመው? ቀኗን ንገሩኝና ዕቃዬን ይዤ ወጣ ብዬ ልመለስ።»

ሰውየው ወደ እኔ አየ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«እሺ፣ እስቲ አጥፉት» አለ ጋሼ።

«ምኑን?»

«መብራቱን። ዋናውን።»

«ጌታዬ! የደንበኞች ዕቃ አለበት እኮ!»

«የኔም ሊኖርበት ነው። ለዚሁ ነው የምጠይቅህ።»

ይቅርታ ጠይቄ ወጣን።

ሁለተኛው ምድር ቤት ነው። ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ፤ እኔ ወደድኩት። ጋሼ ግን ሰርቨሮቹን ትቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ጥግ ላይ መዳፍ የምታህል ቢጫ ነጠብጣብ አገኘ። «ከበላያችሁ ማን ነው ያለው?» የሴቶች ፀጉር ቤት ነው አሉት። እኔን ጆሮህን ቧንቧው ላይ አድርግ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ በስልክ «ምሁሩ፣ ይሰማል?» አለኝ። እኔን ምሁሩ ነው የሚለኝ፤ ማመስገኑ ይሁን መስደቡ እስከ ዛሬ አላጣራሁም።

«ይሰማል ጋሼ። ከራሴ በላይ ወንዝ እየሄደ ነው።»

በስልኩ ውስጥ የሴቶች ሳቅ ይሰማኛል። አንዷ «አባባ፣ ቧንቧውን ይተዉትና ፀጉርዎን እንሥራልዎት!» ትለዋለች።

«ፀጉር የለኝም» ሲላት ሰማሁ። «ቢኖረኝም አላምናችሁም።»

ሦስተኛዎቹ «ሁለት የመብራት መስመር አለን፤ አንዱ ቢቋረጥ ሌላው ይቀጥላል» ብለው ደረታቸውን ነፉ። ጋሼ አመስግኖ ወደ ውጭ ወጣና አንገቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ ሽቦዎቹን እየተከተለ ሄደ። እኔ ደግሞ መኪና እንዳይገጨው ክንዱን ይዤ። አጥሩን ዞርን፣ ዳቦ ቤቱን አለፍን፣ ሁለት ጊዜ ከሰው ጋር ተጋጨን። በመጨረሻ አንድ ዘመም ያለ ምሰሶ ሥር ቆመ። ሁለቱም ሽቦዎች ከዚያው ምሰሶ ነበር የሚነሡት።

ተመልሰን ገባን። «ሁለት መስመር አይደሉም፤ መንታ ናቸው» አላቸው። «አንዱን ሲያስነጥሰው ሌላው አልጋ ይይዛል።»

«ይህ ምሰሶ ወድቆ አያውቅም ጌታዬ!»

«ምሰሶ የሚወድቀው አንዴ ነው።»

እኔ እየተሰላቸሁ፣ ሥራ አስኪያጁ እየደወለ፣ የሕንፃችን አፍራሾች የላይኛውን ፎቅ በሮች እየነቀሉ፣ አራተኛው ቦታ ደረስን። ስክሪን የለም፤ ክራቫትም የለም። ቱታ የለበሰች መሐንዲስ እጇን በጨርቅ እየጠረገች መጣች።

«እስቲ አጥፉት» አላት ጋሼ፣ ሰላምታም ሳይሰጥ።

«ዛሬ አላጠፋም» አለች። «ደንበኞቼን ሳላስጠነቅቅ አላጠፋም። ቅዳሜ ጠዋት ራሳችንን የምንፈትንበት ቀን ነው፤ ያኔ ይምጡ፤ ዋናውን ማጥፊያ እርስዎ ራስዎ ይጫኑት።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ በርቷል። «ሰማሃት? እምቢ አለችኝ!» አለኝ፤ መርቀውት የወጣ ይመስል ነበር።

ቅዳሜ ሄድን። ማጥፊያውን ተጫነው። ኮሪደሩ ጨለመ። ከመስታወቱ ወዲያ የሰርቨሮቹ ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች ግን ዓይናቸውን እንኳ አልጨፈኑም፤ ባትሪው ይዟቸዋል። ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ከጓሮ ጀነሬተሩ ሳል አለ። እንደገና ሳል አለ። ከዚያ ያዘ፤ ኮሪደሩ በራ።

«ጀነሬተሩስ እምቢ ቢል?»

«ሁለተኛ አለ።»

«እሱስ?»

«እሱም እምቢ ካለ፣ ባትሪው ከማለቁ በፊት እደውልልዎታለሁ። አይጠፋም ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

ጋሼ ጥያቄ አለቀበት። ስንመለስ ደስ ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን በመስኮት እያየ አንድ ነገር የጣለ ሰው መሰለ።

ከዚያ ማዘግየት ጀመረ። ውሉ ላይ ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል አለ። አስገባንለት። በዛ አለ። የመሐንዲሷን ጫማ ጠረጠረ። የቢሮው ሰው ሁሉ «አረጀ፤ ነገር ማክረር ለመደበት» አለ፤ እኔም ብዬ ይሆናል። በላያችን ፎቁ ይፈርሳል፤ አቧራው እንደ ዱቄት ጠረጴዛችን ላይ ይወርዳል። የአፍራሾቹ አለቃ የሕንፃው መብራት በቅርብ እንደሚቆረጥ ነግሮናል።

መሐንዲሷ ማሽኑን ልታይ መጣች። እትዬ ታነብባት በነበረችው ክፍል ውስጥ ነው ያለው፤ ብርድ ልብሶቹ እስከዚያ ቀን ከግድግዳው አልወረዱም። ዞረችው፤ በእጇ ጀርባ ሙቀቱን ለካች፤ ከዚያ ወደ ጋሼ አየች።

«በርቶ መኪና ላይ አይጫንም» አለች በቀስታ። «እስቲ ያጥፉት።»

ያን ቃል የዕድሜውን ያህል ለሰው ሲል ኖሮ፣ እሱን ማንም ብሎት አያውቅም።

«ካልተመለሰስ?» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር።

ያኔ ነው የገባኝ። ሰውየው አስተማማኝ ቤት ሲፈልግ አልነበረም። ሁሉም ቤት በፈተናው ወድቆ፣ ማሽኑን ማጥፋት እንዳይኖርበት ሲጸልይ ነበር። መሐንዲሷ ፈተናውን በማለፏ ጉድ ሠራችው።

«ካልተመለሰ አፍራሾቹ መስመሩን ሲቆርጡም አይመለስም» አለች። «ያኔ ግን ሳይዘጋጅ ነው። ቅጂ የለዎትም?»

«አለ። ሰምቼ አልጨረስኩትም።»

«የት ደረሱ?»

«ነ ላይ ነኝ።»

የሂሳብ ክፍሏ ልጅ ናት መጀመሪያ የተነሣችው። «ጋሼ፣ እኔ ‹ነ›ን እጨርስልሃለሁ» አለች። ሌላው «ከ»ን ወሰደ፤ ሌላዋ «ወ»ን። ፊደል ተከፋፈልን። በአቧራው ውስጥ ሁላችንም የጆሮ ማዳመጫ አድርገን ተቀመጥን። ሥራ አስኪያጁ ዠ ደረሰው፤ ቃላቷ ጥቂት ስለሆኑ ከሁላችን ቀድሞ ጨረሰና እየዞረ አመራር መስጠት ጀመረ። አዲሶቹ ሠራተኞች እትዬን አያውቋትም፤ ግን እነሱም ዝም ብለው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ተከትለዋት ያነባሉ።

«‹ጠ›ን ማን ይሰማዋል?» አልኩ።

«አንተ ስማው ምሁሩ» አለኝ ጋሼ። «እኔ የራሴን ድምፅ አላምነውም።»

ሰማሁት። ጠለቀ። ጠረገ። ጠረጠረ። በር እየተከፈተ እየተዘጋ። ከጥቂት ቃላት በኋላ ግን አንድ ነገር ጆሮዬን ያዘኝ። ከእያንዳንዱ ቃል በፊት፣ ከሩቅ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር የመጣ የሚመስል ድምፅ አለ። ለሚላላው ነካ። ለሚጠብቀው ጫን። የእትዬ ጣት ነው። የዚያን ጊዜው መቅጃ አንሥቶታል፤ እኛ ግን ቃሉን ስንሰማ እሱን ሰምተነው አናውቅም። ከነካታው በኋላ ደግሞ ያች ጸጥታ አለች፤ ሦስታችንም ትንፋሻችንን የያዝንባት። ድምፅዋ በጠፋበት ፊደል ውስጥ እሷ ራሷ ተቀምጣ ነበር።

ማዳመጫውን አውልቄ ጋሼ ጆሮ ላይ አደረግሁት። ሰማ። ጣቱ ጠረጴዛው ላይ ወጣች፤ ሳያውቀው አብሯት ይነካል፤ ነካ፣ ጫን፣ ነካ። ጠ እስኪያልቅ ድረስ ማንም አልነካውም።

ከዚያ ተነሣ። ማዳመጫውን በጥንቃቄ አስቀመጠ። ወደ ማሽኑ ሄደና አጠፋው።

ማራገቢያው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ያ ክፍል እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

ዳታ ሴንተሩ ውስጥ መደርደሪያው ላይ ሲያስገቡት ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሞ ነበር። መሐንዲሷ ቁልፉን ተጫነች። ዝም። አሁንም ዝም። ከዚያ ማራገቢያው እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ዞረ፤ አረንጓዴዋ መብራት በራች።

«በየትኛው ቃል ልሞክረው?» አለችው።

«በ‹አለ›» አላት።

«በየትኛው ‹አለ›?»

«በሁለቱም።»

እትዬ መጀመሪያ አላልታ፣ ቀጥላ አጥብቃ አለችው። ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገና ስለ አቧራው አማረረ።

የሚጠብቀው ማሽን ስለሌለ ጡረታ ወጣ። መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ «የአዲሱ ቢሮ ጣሪያ እንዴት ነው?» ይለኛል። ከዚያ መደወሉ እየራቀ መጣ። እኔም ነገ እደውላለሁ እያልኩ፣ እንደምታውቁት ነው፣ የኑሮ ነገር። በዚህ መሀል ለሥራ ጉዳይ ወደ ዳታ ሴንተሩ ሄድኩ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ወረቀቴን አይቶ «ከመዝገበ ቃላቱ ነዎት?» አለኝ። «እኚያ ሽማግሌ ጠፉ እኮ።»

«የቱ ሽማግሌ?»

«በየሳምንቱ ይመጡ የነበሩት። አይገቡም እኮ፤ እዚችው በር ላይ ቆመው ‹አለ?› ይሉኛል። ‹አለ› እላቸዋለሁ። ‹እርግጠኛ ነህ?› ይላሉ። ሰዎቹን ጠይቄ ‹እርግጠኛ ነኝ› ስላቸው ይሄዳሉ። አሁን ግን ቆዩ። እሳቸውስ አሉ?»

ስልኩን ሞከርኩ፤ ዝግ ነው። እንደገና ሞከርኩ፤ ዝግ ነው። ያን ጊዜ ያች በወጣትነቱ «እስቲ እንለያይና ልይ» ያላት ሴት ትዝ አለችኝ። ታክሲ ይዤ ቤቱ ሄድኩ።

አንኳኳሁ። ከውስጥ እጀታው ተነቀነቀ፤ መቆለፉን ማረጋገጡ ነው። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«እኔ የሚባል ሰው ብዙ ነው።»

«ምሁሩ ነኝ! ምነው፣ ጠፋህ እኮ!»

በሩ ገርበብ አለ። ከስቷል፤ ጢሙን አልተላጨም። በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ሌላ ሰው መጥቶ እንደሆነ አየ።

«አልጠፋሁም» አለ። «አጥፍቼው ነው።»

«ምኑን?»

«ራሴን። ስልኩንም፣ እግሬንም። እስቲ ልጥፋና ማን እንደሚነሣ ልይ አልኩ።»

አልሳቀም። እኔም መሳቅ አልቻልኩም። ከእኔ የሚጠብቀውን መልስ ያወቅሁ መሰለኝ፤ ግን አፌ ላይ ያለው ሁሉ የሽያጭ ሰው ወሬ ሆነብኝ፤ ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ። ስለዚህ ደጁ ላይ ቆምኩ።

«ዘገየህ» አለኝ በመጨረሻ። «የነዚያ ጀነሬተር እንኳ ከአንተ ይፈጥናል።»

«ይፈጥናል ጋሼ።»

«ግን ያዝክ» አለና በሩን ከፈተው። «ግባ። ጫማህን ጥረግ። በሩን ከኋላህ ዝጋው፤ ተወው፣ እኔ እዘጋዋለሁ።»

እስኪመሽ ተቀመጥን። የኔን ወንበር እግር ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብሎ አየው።

በማግስቱ ለጥበቃው ደወልኩለት። ማን እንደሆንኩ ነግሬው ሳልጨርስ «እሺ፣ ሽማግሌውስ?» አለኝ።

«አሉ» አልኩት። ጠብቆ ይነበብ።